ምክንያቱን አንድ ጊዜ የተናገረው ሰው፦ ሄንሪ ዋትሰን ፋውለር

በእንግሊዝኛ የሴሚናር ወረቀት የሚጽፍ ተማሪ ምክንያት ከመስጠት አያመልጥም። ይህን ርዕስ ለምን መረጥን? ይህ ውጤት ለምን ተገኘ? ሕጉ ለምን ተለወጠ? መልሱ ላይ ስንደርስ የብዙዎቻችን እጅ ወደ አንድ አባባል ይሄዳል፦ «ዘ ሪዝን ኢዝ ቢኮዝ»። ወረቀቱ ታርሞ ሲመለስ «ቢኮዝ» የምትለው ቃል ተሰርዛ በቦታዋ «ዛት» ተጽፋ እናገኛለን። ለምን እንደተሰረዘች ግን አብዛኛውን ጊዜ አይነገረንም።

ለምን እንደሆነ በመጽሐፍ አስፍሮ፣ በእንግሊዝኛ ለሚጽፍ ሁሉ ያስረዳ ሰው ነበር። ሄንሪ ዋትሰን ፋውለር ይባላል። ከሞተ ከዘጠና ዓመት በላይ ሆኖታል፤ መጽሐፉ ግን እየታደሰ ሲታተም ኖሯል። የሕይወት ታሪኩን እዚህ የምናቀርበው ስለ ሰዋስው ብቻ ስንል አይደለም። ፋውለር ምክንያቱን ሳይሸፋፍን በመናገሩ እንጀራውን ያጣ ሰው ነው። በጽሑፋችን ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመምህር ልጅ

ፋውለር ማርች 10 ቀን 1858 በእንግሊዝ አገር፣ በኬንት ግዛት ቶንብሪጅ በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ ሮበርት ፋውለር ቄስም መምህርም ነበሩ። ሄንሪ የቤቱ ታላቅ ወንድ ልጅ ሲሆን ብዙ ታናናሾች ነበሩት። ራግቢ በሚባለው የታወቀ አዳሪ ትምህርት ቤት ግሪክኛና ላቲን ተማረ፤ ከዚያም በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ቤሊዮል ኮሌጅ ገባ።

ገና ተማሪ ሳለ በ1879 አባቱ ሞቱ። ታላቅ ወንድም የሆነ ሰው አባት ሲሞት ምን እንደሚሸከም ለእኛ ማስረዳት አያስፈልግም። ሄንሪም ታናናሾቹን ማገዝ ዕጣው ሆነ።

በኦክስፎርድ ያገኘው ውጤት መካከለኛ ነበር፤ ኋላ በቋንቋ የሚያገኘውን ዝና የሚያስገምት አልነበረም። ትምህርቱን በ1881 ቢጨርስም የሃይማኖት ትምህርት ፈተናውን ባለማለፉ ዲግሪው የተሰጠው በ1886 ነው። ይህች ነገር ትንሽ ብትመስልም በኋላ ለሚመጣው ምልክት ናት።

የ1899 ውሳኔ

ከጥቂት ጊዜ የስኮትላንድ ቆይታ በኋላ በ1882 በሰሜን እንግሊዝ በሚገኘው የሴድበር ትምህርት ቤት መምህር ሆኖ ተቀጠረ። በዚያም አሥራ ሰባት ዓመት ላቲን፣ ግሪክኛና እንግሊዝኛ አስተማረ። ዝምተኛና ቁጥብ፣ በሥራው ጥንቁቅ ነበር። መሮጥና በቀዝቃዛ ውኃ መዋኘት ይወድ ነበር፤ ይህን ልማድ እስከ እርጅናው አልተወውም።

በእንዲህ ያለ ትምህርት ቤት ለአንድ መምህር ትልቁ እድገት የአዳሪ ቤት ኃላፊ መሆን ነበር። ኃላፊው ከተማሪዎቹ ጋር ይኖራል፤ እንደ አባት ይጠብቃቸዋል። ከሥራዎቹ አንዱ ግን ልጆቹን ለኮንፈርሜሽን ማዘጋጀት ነበር። ይህ በእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ወጣቱ የሕፃንነት ጥምቀቱን በጳጳስ ፊት በራሱ አንደበት የሚያጸናበት ሥርዓት ነው።

የቄስ ልጅ የሆነው ፋውለር በዚህ እምነት አልነበረም። የሌሎችን እምነት አላጥላላም፤ ትምህርት ቤቱንም ለመለወጥ አልሞከረም። ነገር ግን እሱ ራሱ ያላመነበትን ነገር ልጆችን እንዲያምኑ ማዘጋጀት አልችልም አለ። የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር ደግሞ ይህ ከሥራው ተለይቶ አይታይም ብለው ጸኑ። ኃላፊነቱ ከአንድ ጊዜ በላይ ሲቀርብለት ከአንድ ጊዜ በላይ እዚያው ላይ ተሰናከለ። በ1899 ቋሚ ቦታ ሲከፈት ሁለቱ ተነጋገሩ፤ አልተስማሙም። ፋውለር ሥራውን ለቀቀ።

ዕድሜው 41 ነበር። ሚስት አላገባም፣ ሌላ ሙያ አልነበረውም። ሰበብ መፍጠር ለእሱ ቀላል ነበር። ጤናዬ ታወከ፣ አየሩ አልተስማማኝም፣ ከተማ መኖር እፈልጋለሁ ማለት ይቻል ነበር። አለዚያም ዝም ብሎ ልጆቹን ማዘጋጀትና ደመወዙን መቀበል ይችላል፤ ልቡን ማን ያይበታል? እሱ ግን አንድ ምክንያት ነበረው፤ ያንኑ ተናግሮ ወጣ።

ቲማቲምና መዝገበ ቃላት

ወደ ለንደን መጥቶ በቼልሲ ሰፈር መኖር ጀመረ። ለጋዜጦችና ለመጽሔቶች መጣጥፍ እየጻፈ፣ ከአባቱ በወረሰው ትንሽ ገንዘብ እየደጎመ አራት ዓመት ያህል ቆየ። ዝናም ሀብትም አልመጣም።

በ1903 በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል ወዳለችው ወደ ገርንዚ ደሴት ተሻገረ። እዚያ ታናሽ ወንድሙ ፍራንሲስ ቲማቲም እያመረተ ይኖር ነበር። በመካከላቸው ከአሥር ዓመት በላይ የዕድሜ ልዩነት ቢኖርም ሁለቱ ወንድማማቾች ተስማምተው የሚሠሩ ሆኑ። እያንዳንዱ በየራሱ ቤት ይኖራል፤ ሥራቸው ግን አንድ ነበር።

መጀመሪያ የጥንቱን ግሪክኛ ቀልደኛ ጸሐፊ የሉሲያንን ሥራዎች ተርጉመው በ1905 በአራት ቅጽ አሳተሙ። በ1906 «ዘ ኪንግስ ኢንግሊሽ» የተባለውን መጽሐፍ አወጡ። መጽሐፉ የታወቁ ጋዜጦችንና ስመ ጥር ጸሐፊዎችን ዐረፍተ ነገር እያነሣ ስሕተታቸውን ያሳያል። መምሪያው ግልጽ ነበር፦ ከሩቅ ከመጣ ቃል የተለመደውን፣ ከረጅሙ አጭሩን፣ በዙሪያ ከመዞር አንዱን ቃል ምረጥ ይላል። ሁለት የማይታወቁ ወንድማማቾች ከአንዲት ደሴት ተነሥተው ታላላቆቹን ማረማቸው ብዙ ሰው አስገረመ፤ መጽሐፉም ተወደደ።

ማርች 10 ቀን 1908፣ ልክ 50 ዓመት በሞላው ቀን፣ ሄንሪ ጄሲ ማሪያን ዊልስ የተባለችውን ሴት አገባ። እሷ የሕሙማን ማረፊያ ቤት ኃላፊ ነበረች። ትዳራቸው ዘግይቶ ቢመጣም የተባረከ ነበር።

በ1911 ወንድማማቾቹ «ኮንሳይስ ኦክስፎርድ ዲክሽነሪ» የተባለውን መዝገበ ቃላት ጨረሱ። ሥራው ታላቁን የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት ማሳጠር ነበር። ችግሩ ታላቁ መዝገበ ቃላት ራሱ ያኔ ገና አላለቀም፤ የተጠናቀቀው በ1928 ነው። ስለዚህ ወንድማማቾቹ የመጨረሻዎቹን ፊደላት የሚያሳጥሩት ነገር ሳይኖራቸው በራሳቸው ጥረት መሙላት ነበረባቸው። ይህ በአንድ ቅጽ የተጠቀለለ መዝገበ ቃላት ከዚያ ወዲህ በስንት ቤትና ትምህርት ቤት እንደገባ ቆጥሮ የሚጨርሰው የለም።

የ57 ዓመቱ ወታደር

የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲነሣ ወንድማማቾቹ ወጣቶች ለጦር ሠራዊቱ እንዲመዘገቡ በሚቀሰቅሰው ዘመቻ ተካፈሉ። ሌላውን ሂድ ብሎ ራሱ ቤት መቀመጥ ለሄንሪ አልዋጥለት አለ። በ1915 ዕድሜው 57 ሆኖ ሳለ 44 ነኝ ብሎ ተመዘገበ። ፍራንሲስም አብሮት ተመዘገበ። በሴድበር ላላመነበት ነገር አንዲት ቃል አልወጣውም ያለው ሰው እዚህ አሥራ ሦስት ዓመት ከዕድሜው ላይ ቀነሰ። አንባቢ እንደ ፈቀደ ይፍረደው፤ ግን የዋሸው ከአደጋ ለመሸሽ ሳይሆን ወደ አደጋው ለመግባት ነበር።

ሁለቱም ፈረንሳይ ደረሱ። ግን አዛዦቹ በእነዚህ ሽማግሌዎች ምን እንደሚያደርጉ ግራ ገባቸው። ወደ ጦር ግንባር ከመላክ ይልቅ ሳህን ማጠብ፣ ከሰል መሸከም፣ ዕቃ ማጓጓዝ ሰጧቸው። ወንድማማቾቹ ወደ ውጊያ እንዲላኩ አለዚያ እንዲሰናበቱ በጽሑፍ አመለከቱ። በ1916 ሄንሪ ወደ አገሩ ተመለሰ።

ፍራንሲስ ግን በአገልግሎት ላይ ሳለ የሳንባ ነቀርሳ ይዞት ነበር። በ1918 ሞተ።

ብቻውን የጨረሰው መጽሐፍ

ከጦርነቱ በፊት ሁለቱ አንድ ትልቅ መጽሐፍ አቅደው ነበር፤ የእንግሊዝኛ ቃላት እንዴት በትክክል እንደሚገቡ በፊደል ተራ የሚያስረዳ። ከወንድሙ ሞት በኋላ ሄንሪ ብቻውን ቀጠለ። በመካከሉ በ1924 የኪስ መዝገበ ቃላቱን አወጣ፤ በ1925 ከገርንዚ ለቆ በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ ሂንተን ሴንት ጆርጅ በምትባል መንደር ተቀመጠ። በ1926 «ኤ ዲክሽነሪ ኦቭ ሞደርን ኢንግሊሽ ዩሴጅ» ታተመ። መታሰቢያነቱን የሰጠው ለፍራንሲስ ነው።

በዚህ መጽሐፍ «ሪዝን» በሚለው ቃል ሥር የዛሬውን ጉዳያችንን እናገኛለን። የፋውለር ሐሳብ በእኛ ቋንቋ ሲብራራ እንዲህ ነው። «ዘ ሪዝን» ስም ነው፤ ምክንያቱ ማለት ነው። «ኢዝ» ሁለት ነገር እኩል ነው ብሎ የሚያያይዝ ግሥ ነው። በግራ በኩል ስም ካለ በቀኝ በኩልም ስም ወይም እንደ ስም የሚቆም ሐረግ መምጣት አለበት። «ዛት» ብሎ የሚጀምር ሐረግ እንደ ስም ይቆማል። «ቢኮዝ» ግን በውስጡ ምክንያት የሚለውን ሐሳብ ይዟል። ስለዚህ «ዘ ሪዝን ኢዝ ቢኮዝ» ማለት ምክንያቱ በዚህ ምክንያት ነው እንደ ማለት ይሆናል። ምክንያቱ ሁለት ጊዜ ተጠራ፤ ራሱ ነገሩ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ተነገረ።

መፍትሔው ሁለት ነው። የዘገየሁበት ምክንያት የአውቶቡሱ መበላሸት ነው ለማለት ከፈለግን «ዘ ሪዝን አይ ዋዝ ሌት ኢዝ ዛት ዘ በስ ብሮክ ዳውን» እንላለን። አለዚያ «ሪዝን»ን ጨርሶ ትተን «አይ ዋዝ ሌት ቢኮዝ ዘ በስ ብሮክ ዳውን» እንላለን። ሁለተኛው ያጥራል፤ አብዛኛውን ጊዜም እሱ ይሻላል።

ለእኛ ይህ ስሕተት ለምን ይቀለናል? አማርኛችን ስለሚፈቅደው ነው። የዘገየሁበት ምክንያት አውቶቡሱ ስለተበላሸ ነው ብንል ማንም አማርኛ ተናጋሪ አይቆጣንም። በአማርኛ «ምክንያቱም» ዐረፍተ ነገሩን ይከፍታል፣ «ስለ» እና «ነው» ይዘጉታል፤ ተደጋገፉ እንጂ ተደራረቡ አይባልም። ይህንኑ አሠራር ወደ እንግሊዝኛ ስናሻግር ግን ድርብ ይሆናል። ዕብራይስጡም አይረዳንም። «ሃሲባ ሂ ቢግላል ሼ» የሚለው በየመንገዱ ይሰማል፤ ጥንቁቅ አራሚ ግን «ቢግላል»ን ሰርዞ «ሼ»ን ብቻ ይተዋል። የእንግሊዝኛ ፕቶር ያገኘውም ያላገኘውም ተማሪ እዚህ ላይ እኩል ይወድቃል፤ ምክንያቱም ሁለቱ የምንኖርባቸው ቋንቋዎች አንዱ በሕግ፣ ሌላው በልማድ ወደዚያው ይገፉናል።

ፋውለር ስለ «ዱ ቱ»ም ጽፏል። በእሱ ዘመን ሕግ «ዱ» ቅጽል ስለሆነ የሚገልጸው ስም ይፈልጋል። ስለዚህ የተማሪው መቅረት በሕመም የመጣ ነው ስንል «ዱ ቱ» ይገባል፤ መቅረት ስም ነውና። ተማሪው በሕመም ቀረ ስንል ግን «ቢኮዝ ኦቭ» ወይም «ኦዊንግ ቱ» ይሻላል አለ። ዛሬ ይህ ሕግ በጣም ላልቷል፤ ብዙ ጥሩ ጸሐፊዎች አይጠብቁትም። ጥብቅ የሆነ አንባቢ ግን አሁንም ያስተውለዋል።

ሕግም ምክንያት ይጠየቃል

ይህን ሁሉ የሰማ ሰው ፋውለርን ቀይ ብዕር ይዞ የሚዞር ግትር አስተማሪ አድርጎ ሊስለው ይችላል። እንዲያ አልነበረም። በዘመኑ የእንግሊዝ ትምህርት ቤቶች ዐረፍተ ነገርን በመስተዋድድ መጨረስ ክልክል ነው ብለው ያስተምሩ ነበር። በ«ቱ» እና በግሡ መካከል ሌላ ቃል ማስገባትም እንደ ነውር ይታይ ነበር። ፋውለር የመጀመሪያውን ሕግ መሠረት የሌለው አጉል እምነት አለው። ስለ ሁለተኛው ደግሞ ከተቻለ መሸሽ፣ ሐሳቡን የሚያበላሽ ከሆነ ግን ሳይፈሩ መክፈል ይገባል አለ።

መለኪያው አንድ ነበር፤ ሕጉ ለአንባቢ ምን ይጠቅማል? ጥቅሙን ማስረዳት ካልተቻለ ሕጉ ይቅር። ማስረዳት ከተቻለ ይጠበቅ። ራሱ በሴድበር ያደረገውም ይኸው ነበር፤ ላላመነበት ነገር ሌላውን አላስገደደም፣ ያመነበትን ደግሞ ዋጋ ከፍሎ ጠበቀ።

መጽሐፉ ከታሰበው በላይ ሄደ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጠቅላይ ሚኒስትር ዊንስተን ቸርችል በአንድ የጦር ሰነድ ላይ ቃል በተሳሳተ ቦታ ገብቶ ሲያዩ ጸሐፊውን ፋውለርን አንብብ ብለው እንደ ላኩት ይነገራል። ከፋውለር በኋላ ኧርነስት ጋወርስ በ1965፣ ሮበርት በርችፊልድ በ1996፣ ጀረሚ በተርፊልድ በ2015 መጽሐፉን አድሰው አሳተሙት። ቋንቋ ስለሚለወጥ የእሱም ፍርዶች አብረው ተለውጠዋል። ስለ «ሪዝን ኢዝ ቢኮዝ»ም ቢሆን፣ አባባሉ ከጥንት ጀምሮ በታወቁ ጸሐፊዎች ሥራ ጭምር አለና ስሕተት አይባልም የሚሉ የቋንቋ ሊቃውንት አሉ። ክርክራቸው ተራ አይደለም። በንግግር ማንም አይከለክለንም። በሴሚናር ወረቀት፣ በሥራ ማመልከቻ፣ ለነጻ ትምህርት ዕድል በሚጻፍ ደብዳቤ ግን አንባቢው ማን እንደሆነ አናውቅም። ከፋውለር ወገን የሆነ አንባቢ ካጋጠመን የምንከፍለው እኛ ነን፤ «ዛት» ብንጽፍ ደግሞ ከሁለቱም ወገን የሚከፋው የለም።

የመጨረሻ ዓመታት

በ1926 ፋውለር 68 ዓመቱ ነበር። የኦክስፎርድ ማተሚያ ቤት ሰዎች ሥራው እንዲቀልለት የቤት ሠራተኛ ደመወዝ እንክፈልልህ አሉት። እሱም በየማለዳው ሮጦና ዋኝቶ የቤቱንም ሥራ በራሱ እንደሚሠራ ገልጾ፣ ሠራተኛ እንደማያስፈልገው አስረዳቸው።

በ1930 ሚስቱ ጄሲ ሞተች። በቀጣዩ ዓመት ለእሷ የጻፋቸውን ግጥሞች ሰብስቦ በመጽሐፍ አወጣ። የሌሎችን ዐረፍተ ነገር ሲያርም የኖረ ሰው ልቡን ለሕዝብ ያሳየባት ጥቂት ቦታ ያቺ ናት። ዲሴምበር 26 ቀን 1933 በሂንተን ሴንት ጆርጅ ዐረፈ። 75 ዓመቱ ነበር።

ፋውለር ብዙ ነገር አላካበተም። የአዳሪ ቤት ኃላፊ አልሆነም፣ ጦር ግንባር አልተሰለፈም፣ ትልቁን መጽሐፉን ከወንድሙ ጋር ለማየት አልታደለም። ግን ለምን ከሴድበር እንደወጣ የጠየቀው ቢኖር አንዲት አጭር መልስ ነበረችው፤ ያችኑ መልስ የሰጣቸው ሰዎችም ጠላቶቹ አልሆኑም።

እኛም በየጊዜው ምክንያታችንን እንጠየቃለን። ይህን ፋኩልቲ ለምን መረጥሽ? ለምን አንድ ዓመት ዘገየህ? ለምን ነጻ ትምህርት ዕድሉ ለአንተ ይገባል? ብዙ ጊዜ መልሳችን የሚረዝመው ምክንያት ስለሌለን ሳይሆን አንዷን ምክንያት ብቻዋን ማቆም ስለምንፈራ ነው። በሚቀጥለው ወረቀታችሁ «ሪዝን» የሚለውን ቃል ፈልጉት። ከኋላው «ቢኮዝ» ካለ ከሁለቱ አንዱን ሰርዙ፤ ከዚያ የቀረውን ዐረፍተ ነገር አንብቡና ውስጡ በእውነት ምክንያት መኖሩን እዩ።